አርባ ሦስት ዶላር

ሠላሳ አንድ ክረምት፣ በሚኒያፖሊስ፣
በበረዶ ጫማ ችሎት ስመላለስ፣
ሣጥን ሙሉ ወረቀት በጋሪ ሳስገፋ፣
አንዲት መስመር ስፈልግ ስንቱ ሌሊት ጠፋ።

ውሸት እዚህ ሰፈር አይጮህም በአደባባይ፤
ግርጌ ነው የሚተኛው፣ በደቃቅ ፊደል ላይ፤
ያልተጫነው ዕቃ "ተሸጧል" ይባላል፣
አክሲዮን ይወጣል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣
ሃራልድ ሊንድቪግም፣ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው ሰውዬ፣
ጡረታውን ያፈስሳል።

ፕሩት ነበረ ስሙ፣ የሂሳብ ሠራተኛው።
ከምስክር ወንበር ላይ ክራቫቱ አነቀው።
"አዎ? ወይስ አይደለም?" አልኩት፤ አላረፍኩም።
"ፈርሜያለሁ" አለኝ። ከዚያ በላይ አልፈለግኩም።

መዝገቡን አይቻለሁ። ከቁጥሮቹ ጠርዝ ላይ
በእርሳስ ጽፎ ነበር፦ "ይህ ድምር ልክ ነው ወይ?"
አልጠየቅኩትም።
እንድረታ ያሻኝ
ጥፋተኛ ነበር፤ ምን ያደርጋል እማኝ?
የወዲያኛው ጠበቃም አላነሣውም፤ ለእርሱም አይበጅም።

ረታሁ። መስኮቴ ወደ ወንዙ ዞረ፤
ፕሩት ቤቱን ሸጦ ፋርጎ ሄዶ ቀረ።
ለሊንድቪግ የደረሰው አርባ ሦስት ዶላር ነው።
ቼኩን አልመነዘረም። ለእኔው መለሰው፣
ከጀርባው እንዲህ ሲል፦
"እኔ ስነዳ ሳለሁ አንድም ቀን አልዘገየሁም።"

ዛሬ ኬክ ተቆረሰ። ሰዓት ተሸለምኩ።
ንግግር አምጪ ሲሉኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣
ምንም አላልኩ።
ቼኩንና የዚያን ገጽ ቅጂ ይዤ ስወጣ፣
አምስት ቁጥር አውቶቡስ በሰዓቱ መጣ።