በአውራ ጣት

ዐርብ ከቀትር በኋላ ሰባት ገጽ ሰጠችኝ፣
«አባ፣ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ሰው አንብብልኝ» አለችኝ።
እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።
የብርቱካን ሽታ ግን በሳሙና አይለቅም፣
ሃያ ስድስት ዓመት የሠረጸበት ጣት በአንድ ዐርብ አይጠራም።

በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ምንጣፍ ያራግፋል፣
ረሖቦት ላይ የሰንበት ጡሩንባ ሊነፋ አንድ ሰዓት ይቀረዋል።
ዕብራይስጥ ለእኔ ዛሬም አናባቢ የሌለው ጫካ ነው፣
ጣቴን እያስቀደምኩ፣ እየገመትኩ የምገባው።
አንዱን ቃል «ፀጉር አስተካካይ» ብዬ ሦስት መስመር ተጓዝኩ፤
ይህ ሰውዬ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል? ስል ቆም አልኩ።
ለካ «መጽሐፍ» ኖሯል።
ተመለስኩ።

በታሪኩ ውስጥ አንድ አባት አለ። ስሙ ሌላ ነው፣
ትከሻው ግን የእኔ፣ ሳሉም የእኔ ነው።
ከአውሮፕላኑ ደረጃ ወርዶ ሰማይ ሰማይ ያያል፣
እንባው እንደ ዕንቁ በጉንጩ ይንከባለላል፣
ተደፍቶ መሬቱን ይስማል፤
የቀረው ቫዮሊን ብቻ ነው።

ጨርሼ ገባሁና «ጎበዝ» አልኳት።
ፊቷ እንደ መስኮት ተዘጋ።
ጎበዝ እኮ ሳህኑን ለጨረሰ ሕፃን የሚባል ነው።
ለኦርሊ፣ እኛ ቤት ይታይሽ ለምንላት፣
ስንት ሌሊት ከበሯ ሥር ብርሃን ላየሁባት፣
ጎበዝ ምኗ ነው?

በሰንበት አይጻፍም። ቀኑን ሙሉ በሆዴ ያዝኩት።
ትዝ ያለኝ ናጂ ነው፣ የባግዳዱ፣ የማሸጊያ ቤቱ አለቃ።
በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬውን በዓይኔ እየመረጥኩ ስጥል
እጄን ያዘና፣
«ልጣጩ አምሮ ውስጡ የሞተ አለ፣
ጠባሳ ኖሮበት ማር የሆነም አለ።
በአውራ ጣትህ ንካው። አትጫነው ግን፤
ከተጫንከው፣ የመታኸው አንተው ነህ» አለኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት ኮከብ ሲወጣ፣ እርሳስ ፈለግሁ።
እስክሪብቶ አይደለም፣ እርሳስ።
«ገጽ ሁለት» አልኳት፣ «እናትየዋ ትኬቷን
በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ
ቦርሳዋን ዘርግፋ የምታጣበት፣
እዚህ ሻዬ ቀዘቀዘብኝ። አትንኪው።
ገጽ አራት ላይ ጠፋሁ። ሁለት አክስቶች አሉ፣
ሁለቱም ያስላሉ፣
የትኛዋ እንደሞተች አላወቅሁም፣ ለማንኛዋ እንደማዝንም።
ገጽ ስድስት፣ ይህን እንባ ነካሁት። ይለሰልሳል።
አላለቀስኩም እኔ።
የግራ ጫማዬ ወልቆ ከደረጃው ሥር ገብቶብኝ
አንድ ወታደር በአንድ እጄ ሲስበኝ
በሌላው ጫማዬን እዳብስ ነበር።
አገር የገባሁት በአንድ ጫማ ነው።»

ዝም አለች። እርሳሱን ከእጄ ወሰደች።
«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»
«አልጠየቅሽኝማ። ጽፈሽ ጠየቅሽኝ።»
«እንባውስ? ልሰርዘው?»
«እኔ እንጃ። ያንቺ ነው። ቦታው ብቻ እዚያ አይመስለኝም።»

ሐሙስ አዲሱን አመጣች። ዘጠኝ ገጽ ሆኗል።
ጫማው አለ፣ ወታደሩም አለ፣ ዕንቁው ጠፍቷል።
ሰውየው ከዓመታት በኋላ በረሖቦት ገበያ፣
ከዓሣ ሻጩ ጎን ካለች ጠባብ ጫማ ቤት ገብቶ
ለስድስት ዓመት ልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ያስለካል።
ሻጩ አንዱን አጥልቆላት «ሁለተኛውንም ሞክሪው» ሲል
ሰውየው ዞሮ የግድግዳውን ዋጋ ያነባል፣
ያነባል፣
ይቆያል።

ያን ቀን ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።
ቀበቶውን እያሰረች፣ ወደ ታች እያየች ነበር።
አላየችኝም ብዬ ነበር።

እርሳሱ ተቀርጿል። ወረቀቱ ላይ አልደረሰም።
«እንዴት ነው አባ?» ከበሩ ቆማ፣
እንደ አባት ነው እንደ ሰው የጠየቀችኝ፣ አልለየሁም።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ገጽ አራት ላይ» አልኳት፣
«አክስቶቹ አሁንም ሁለቱም ያስላሉ።»