የደሴ ዶሴ

ከጦሳ ጉም ወርዶ ወርዶ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ሲያለብሰው፣
«ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ይላል፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው።
«መታወቂያሽን አስይዢ፤
ቤት ጉዳይ መስኮት ሦስት ነው፣ ወረፋሽን ሄደሽ ያዢ።»

ከፊቴ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ካፖርት፣ አንድ ጃንጥላ፤
ሁሉም ከብብቱ ሥር ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ወረቀቱ ከዚያ ኋላ።

«ምን ነበር?» አለችኝ ልጅቷ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።
«ዶሴ ፍለጋ ነው» አልኳት፣ «የአባቴን፣ የቤት ፋይል።»
«ዶሴ በደሴ!» ሳቀች፤ ሳቋ እንኳን ክፋት የለውም፤
«ቁጥሩን ካላወቅሽ ግን እህቴ፣ በስም አንፈልግም።»

ቁጥሩ ያለው ዶሴው ላይ፣ ዶሴው የሚገኘው በቁጥሩ፤
እኔ በሁለቱ መሐል፣ አግዳሚ ላይ፣ ከኮሪደሩ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ኃላፊው ኮምቦልቻ፣
ሥልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። ሦስተኛው ቀን ዝናብ ብቻ።
አራተኛው ቀን ታክሲ ጠፍቶ፣ ከቧንቧ ውሃ በእግሬ ወጣሁ፤
ከበሩ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች፤ የሃያ ብር ገዛሁ።

ጥቅልሉን ስፈታ ማኅተም፣ ግማሽ ክብ፣ ቀለሙ የሸሸ፤
«የሕፃኑ ስም፦ አንዋር። የአባት...» ከዚያ በዘይት የቆሸሸ።
«ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች።
«ያኔ መንገዱ ሙሉ ወረቀት ነበር፤ በጆንያ ለቀምኩት» አለች።

«ያኔ» ስትል የትኛው «ያኔ» እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤
ደሴ ነውና ያደግኩት፣ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም።

«ታች ውረጂ» አለችኝ ልጅቷ፣ አራተኛ ቀኔን አይታ፤
«ጋሽ ሙሂዬ ስም ይበቃቸዋል፤ አንኳኪ፣ ቆይተሽ ላፍታ።»

መዝገብ ቤቱ ከምድር ቤት ነው፤ ጋሽ ሙሂዬ ናቸው ሹሙ፤
ሹም ስል፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ድመት፣ ሁለት ጉልበት የታመሙ።
የአንዋርን ቁራጭ ሰጠኋቸው። ዝም ብለው ተቀበሉ፤
በመዳፋቸው አቃኑት፣ እንደ ሕፃን ግንባር፣ ሙሉ
የሚሆን ይመስል። ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አኖሩት፣
ከሌሎች አርባ ቁራጮች ጎን። «ይመጣሉ» አሉ «ሲፈልጉት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የማን?»
«የወሌ ይማም። ሰኞ ገበያ። አናጢው።»
«አሃ፣ ያ ፂማም፣ ቀጭኑ ሰው?»
ቁጥር አልጠየቁኝም። ባትሪያቸው መደርደሪያውን ዳበሰ፤
ድመቷ ዘለለች፤ የአርባ ዓመት አቧራ ሁለታችንንም አስነጠሰ።
ከታች፣ ከግብር ደረሰኝና ከተሰበረ ወንበር መሐል፣
በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ፋይል።

ገለጥኩት። ካርታ የለም። ፕላን የለም። ውል የለም።
ያለው ማመልከቻ ነው፤ በአባቴ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«ለማዘጋጃ ቤቱ። ዶሴዬ ስለጠፋብኝ ይፈለግልኝ ዘንድ
በትሕትና አመለክታለሁ።» ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ።
ሰባ አራት፣ ያው ቃል። ሰማንያ፣ ያው ቃል፣ እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጦ።
ሰማንያ ሰባት፣ በሌላ ሰው ጽሕፈት፣ የእሱ አውራ ጣት ከሥሩ ተቀምጦ።
በየኅዳጉ በቀይ እስክሪብቶ፣ አንዳንዴ ፊርማ፣ አንዳንዴ ጭረት፦
«አይተነዋል። ባለጉዳዩ ነገ ይመለሱ።» ነገ፣ እስከ አሥራ ስድስት ዓመት።

«ነገ ማዘጋጃ አለኝ» ብሎ፣ እሁድ ማታ ጫማ ሲቀባ፣
እኛ ሥራ መስሎን ነበር፤ በር ሊገጥም፣ መስኮት ሊያስገባ።

«የጠፋ ዶሴ ነው» አልኩ። ጋሽ ሙሂዬ ሳላቸውን ዋጡና፣
«ጠፍቶማ አያውቅ» አሉ፣ «ይኸውና።
ኮፒ ለማውጣት ማመልከቻ ነው፤ በይ በእጅሽ ጻፊ።
የማኅተሙ ቁልፍ ከኃላፊው ጋር ነው፤ ሰኞ እለፊ።»

ጻፍኩ። «ለማዘጋጃ ቤቱ» አልኩ፤
ስሜን ስጽፍ የእሱን ስም ጻፍኩ፣ ከስሜ ቀጥሎ፣ እንደ ዘወትር።
ያቺንም ከሲባጎው ውስጥ አስገቡ፣ ቋጠሯት በድርብ ክር።

ስወጣ ጉሙ ተገፎ፣ ጦሳ ቁልጭ ብሎ ቆሞ፣
ቆሎ ሻጯ ትጠቀልላለች፣ ጣቷ ከዓይኗ ቀድሞ።
«የቀረ ወረቀት ካለሽ» አልኳት፣ «ቆሎውን ተይው፣ እሱን ሽጪልኝ።»
አየችኝ። ጆንያውን አየች።
«በኪሎ ነው» አለችኝ።