አሮጌ ሚስማር

ከድሬ ተነሣን፣ አሥራ ስድስት ሆነን፣
አዲስ ነጭ ካናቴራ ባንድ ልክ ለብሰን፤
ደረቱ ላይ «በጎ ፈቃድ» የሚል ጽሑፍ፣
ጀርባው ላይ የለጋሹ የቀለም ፋብሪካ ስልክ፣ በረድፍ በረድፍ።

አቃቂን አለፍን፤ አስፋልቱ አለቀ፤
ታክሲው «መጨረሻ!» ብሎ አራግፎን ራቀ።
ወንዙ በነሐሴ ሳይጠራ ገብቶ
ሰው አልጋ ላይ ካደረበት ሰፈር፣
ንፋሱ ጣሪያ ከነማገሩ አንሥቶ
ጤፍ ማሳ ላይ ካስቀመጠበት።

ቆርቆሮ አየሁ፣ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ታጥቦ እንደተሰጣ፤
ሲነፍስ ይንኳኳል፤
ባለቤቱ ከሥሩ ቆሞ «ውረድ!» ይለዋል፣
ልጅ እንደሚቆጣ።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር፦
ሽማግሌ አዝዬ ጎርፍ ሳሻግር፣
እናት ስትመርቀኝ፣ አንገቴን ደፍቼ «ምንም አይደል» ስል፣
በአውቶቡሱ መስኮት ስንት ጊዜ ሠርቼው ነበር።

ጎርፉ ግን ሄዷል። የቀረው ደለል ነው፣ የሚሸት፣
ድስት ውስጥ፣ ደብተር ውስጥ፣
በቁልፍ ቀዳዳ እንኳ ሾልኮ የገባበት።

አዴ ብርቂ መዳፌን ገልብጠው አዩ፤
«የጽሕፈት ቤት እጅ ነው» አሉ፣ ሳይስቁ።
አንድ ድንጋይ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ የቲማቲም ጣሳ ሰጡኝ፣
ጢም ያለ ሚስማር፣ የጎበጠ፣ የዛገ፣
ከወደቀው ጣሪያ የተነቀለ፤
«ይህን አቃና።»

አዲስ ገዝተን እንምጣ አልኩ። ኪሎው ስንት ቢሆን ነው አልኩ።
«የልጅ ደብተር ነው» አሉኝ።
ዝም አልኩ።

አምስት ቀን ሚስማር አቃናሁ።
በመጀመሪያው ቀን አውራ ጣቴን መታሁ፣
በሁለተኛው እዚያው ላይ ደገምሁ፣
በሦስተኛው መስማት ጀመርሁ ሚስማር ሲያወራ፦
የጎበጠው ድምፁ የታፈነ፣ የተቃናው የጠራ።

ሸምሱ ጣሪያ ላይ ነው፤ ድሬ ሥራው ይኸው ነበር፤
ከላይ «ስንት ደረሰ?» ሲል፣
ከታች «መቶ አርባ!» ስል፣
አዴ ብርቂ ከጓዳ ሆነው፣ ሳያዩ፣
«ሰባቱ ገና ጎባጣ ናቸው» ይላሉ።

ማታ ትምህርት ቤት ተኛን፣ አራት ዴስክ ገጥመን።
ሰሌዳው ላይ የሰኔ ትምህርት አለ፦
«የውሃ ጥቅሞች። 1ኛ. ለመጠጥ። 2ኛ.»
የቀረውን ውሃው ራሱ ልሶታል።
ሸምሱ በጨለማ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
ደቻቱም እንዲሁ ነው፤ አሸዋ መስሎ ይከርማል፣
ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣
ከዚያ አንድ ሌሊት ይመጣል።
የሸምሱን ታናሽ እህት ስም ማንም አላነሣም።

ጣሪያው ቆመ። ቆርቆሮው ግን አሮጌ ቀዳዳውን ይዞ ነው የተመለሰ፤
በቀትር ገብቼ ቀና ብል
ቤቱ በሙሉ ኮከብ ለበሰ።
«ያምራል» አልኩ።
«ያፈሳል» አሉ አዴ ብርቂ።

ጎርፍ የጣለውን ነጠላ ጫማ ሰብስበን
በምላጭ ቆረጥን፣ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ፣
በየሚስማሩ አናት ሥር ወተፍን፣
ሬንጅ አቅልጠን ለቀለቅን።
በምሥራቁ ጥግ ሸምሱ መዶሻውን አቀበለኝ፣
አንዷን እኔ መታሁ።
ጎበጠች።
አቃንቼ ደግሜ መታሁ።

ስንሄድ አዴ ብርቂ በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ፣ ፈጥነው፤
ሁሉም ምርቃት መስሎኝ «አሜን» እያልኩ ነበር፤
ግማሹ መዶሻውን እንድመልስ ነው፣
የጎረቤት ዕቃ ነውና።

ድሬ ገባሁ። ሙቀት። ሰማዩ ባዶ።
ካናቴራዬ ታጥቦ ታጥቦ
የቀለም ፋብሪካው ስልክ ለቀቀ።
መጋቢት ላይ የኔው ስልክ ጮኸ።

«ዘነበ» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ፤
«ሌሊቱን ሙሉ። ቤቱ ደህና ነው።
አንድ ቦታ ብቻ ያፈሳል፣ በምሥራቁ ጥግ፣
አልጋው ላይ።»

«ይቅርታ» አልኩ፣ ሌላ ቃል አጥቼ።
«ምን ይቅርታ አለው፤
አልጋውን አዛወርነው።»