የነበልባሉ ቀለም

ሦስተኛዋ ሌሊት፤ ሱቢያ በረሃ።
ቧንቧው ሲከፈት ቀዝቃዛ ነው ውሃ።
ታጣፊው ተጎታች ሸራውን ዘርግቶ
እንደ ግመል ቆሟል ጉልበቱን አጽንቶ፤
ንፋስ ከሰሜኑ መጥቶ ይፈትሸዋል፣
ይተወዋል ደግሞ፣ ደግሞ ያነሳዋል።

ሀጃ ሙዲ ነቅታ ለሱብሒ ሶላት
እጇን ብትዘረጋ ቧንቧው ነከሰባት፤
ሰማንያ ዓመት የሠሩ ጣቶቿን
በብብቷ ይዛ ጠራች የልጅ ልጇን።
ፋሃድ ተነሥቶ በጫማው ረገጠው፤
ማሞቂያው ግን ፍንክች! ጫማ መቼ ሊያሞቀው።
ሹዋይክ ደወለ፤ ሻጩ እያንቀላፋ
“እሁድ አምጣው” አለው፤ ስልኩም በዚያው ጠፋ።
ሾፌሩ ራፊቅ፣ ነገር የሚያውቅበት፣
ብርድ ልብሱን ስቦ ተሸፈነበት።

እኔ ቀረሁ እንግዲህ፤
ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ ሻሼን አጥብቄ፣
የአባቴን ድምፅ ብቻ ከልቤ ፈልቅቄ።

አባቴ ኮምቦልቻ ቦይለር ይጠብቅ ነበር፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከእንፋሎት ሲማከር።
“ብረት ሲታመም” ይላል፣ “እንደ ሕፃን ነው፣
ያለቅሳል እንጂ አይነግርሽም የት እንዳመመው።
ከምንጩ ጀምሪ። አንዱን ብቻ ንኪ።
ቆይተሽ አድምጪው። ሌላ አትነካኪ።”

ሲሊንደሩን ወዘወዝኩ፤ ከባድ ነው በእርግጥ፤
ብረትም ይከብዳል፣ ባዶ ሆኖ ውስጥ።
ከከሰሉ ላይ የሻይ ውሃ አንሥቼ
ጎኑ ላይ አፈሰስኩ መዳፌን ዘርግቼ፤
ከወገቡ በላይ ሞቆ ቆየ ብረቱ፣
ከወገቡ በታች ቀዘቀዘ ፊቱ።
ጋዙ እስከዚያ ድረስ አለ ማለት ነው።
ጥፋቱ እዚህ የለም። ቀጥሎስ ምንድነው?

መክፈቻውን ማታ ማን እንደከፈተው
ባላይም አውቃለሁ፤ የፋሃድ እጅ ነው።
በአንዴ ሲከፍቱት ሬጉሌተር ይደነግጣል፣
ጉሮሮውን ዘግቶ ትንፋሹን ይውጣል።
ዘጋሁት። ቆጠርኩ፣ እስከ ሠላሳ ድረስ።
ከፈትኩት፤ እንዲህ ቀስ፣
የአራስ ቤት በር እንደሚከፍት ሰው፣ ቀስ።

ምድጃው ተያያዘ፤ ነበልባሉ ቆመ።
ማሞቂያው ግን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ደከመ።

ሳሙና በጥብጬ መጋጠሚያውን ቀባሁ፤
አንዲት አረፋ ዓይኗን ስትገልጥ ፈራሁ፤
አበጠች፣ ፈነዳች፤ ሌላ አረፋ መጣ፤
ሩብ ዙር አጠበቅኩ፤ ሦስተኛ አልወጣ።
(ጋዝ በክብሪት ሲፈልግ ያየሁት ጎረቤት
ቅንድቡ አልበቀለም፤ ይኸው ስንት ዓመት።)
ውሃስ? በርሜሉ ሙሉ፣ ማለፊያውም ክፍት፤
ባዶ ጋን ላይ እሳት መለኮስ ነው ጥፋት።
ትኩሱን ቧንቧ ለቀቅኩ፤
መጀመሪያ ሳለ፣ ከዚያ ሆነ ጅረት።

ጠቅ፣ ጠቅ። ምንም።

ቀረ አንድ ክዳን፤ በውጭ፣ በጎኑ በኩል።
አራት ብሎን በቢላ ጫፍ ፈታሁ።
ባትሪውን ጠጋ አደረግኩ፤ ቱቦው አፍ ላይ
ነጭ ነገር፣ ስስ፣ ብተነፍስ የሚርገበገብ፤
የሸረሪት ድር!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነው ያደግኩት።
ይህቺ ከማንም አላበረች።
ከጥፍሬ ያነሰች የበረሃ ሸረሪት
ይህን ሁሉ እሳት ብቻዋን አስራ ተቀመጠች።
በጋውን ሙሉ፣ ተጎታቹ ታጥፎ ጋራዥ ሲተኛ፣
በሰው ቤት ውስጥ ቤቷን ስትሠራ ከርማለች፤
ማን ጠየቃት? እኔንስ ማን ጠየቀኝ?
የማንቆርቆሪያ አፍ የምጠርግበትን ብሩሽ አስገብቼ
አዞርኩት፣ ሳብኩት፤
“አፉ በይኝ” አልኳት፣ አሸዋው ላይ አራግፌ ትቼ።

ጠቅ። ጠቅ።
ከዚያ ቡፍ!

ሀጃ ሙዲ እጇን ከቧንቧው ሥር ያዘች፤
ምንም አላለችም። ዓይኗን ጨፈነች።
ፋሃድ በስልክ ለወንድሙ “ሠራሁት” ሲል ሰማሁ።
ይበል። እኔ ብሩሹን አጥቤ አደረቅሁ።

ጠዋት፣ ኔትወርክ ከሚይዝበት ጉብታ ወጥቼ
ለአባቴ ነገርኩት፤ አረፋዋን፣ ድሩን፣
የቢላዬን ጫፍ መሰበር ሳይቀር።
ዝም ብሎ አደመጠ። ጆሮ አይደል ሥራው።
“ነበልባሉ” አለኝ፣ “ቀለሙ ምንድነው?”
“ሰማያዊ።”
“ጫፉስ? ቢጫ አለው?”
“የለውም፣ አባ።”
ሳለ። ከጀርባው ዶሮ ጮኸ።
“እንግዲያው” አለ፣ “ደህና ነሽ።”