ደርሶ መልስ

ዳሜሊ ትናንት ማታ በሬን ሳታንኳኳ ገባች፣
ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «መጣች!» አለች፣ «መጣች!»
ማን እንደሆነች አልጠየቅሁ፤
ምድጃ ላይ የጣድኩት ወተት ሲገነፍል ቆሜ አየሁ።

ባክትጉል ናት።
ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በከዘራ ትሄዳለች አሉ፣
ድምጿ ግን ጢስ እንደጠገበ ዓሣ ይብሱን ይጣፍጣል ይላሉ።
ኪዚሎርዳ፣ በባህል አዳራሹ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣
«የመጨረሻዋ ነው» ይላል ጣቢያው ላይ የለጠፉት።
«ከዚህ በፊትም ሁለቴ የመጨረሻዋ ነበር» ስላት፣
«እኛስ ስንት ጊዜ እንቅርባት?» አለች፤ ምንም አላልኳት።

እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስናቅድ፣
አንዴ ጣሪያው ሲያፈስ፣ አንዴ ልጇን ስትድር፣ አንዴ ግመሌ ስትወልድ፣
ገንዘቡ ከቆርቆሮው ይወጣል። እሷ በሬዲዮ ትመጣለች፣
እኛ ከደጃፍ ጨው ስንጠርግ እሷ ዘፍና ትሄዳለች።

ቆርቆሮው የዓሣ ነው፤ ክዳኑ ላይ የፋብሪካችን ስም አለ፣
ባሕሩ ሄደ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ቆርቆሮው ዝጎም ቢሆን ዋለ።
ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። ቆጠርን።
እሷ ሁለቴ፣ እኔ ሦስቴ፤ አምስት ዓይነት ድምር ላይ ደረስን።
ኋላ ኤርሳይንን ጠራነው፣ ጎረቤቴን፣ አራተኛ ክፍል የደረሰው፤
«ይበቃል» አለ፣ «ግን ምሳ አትበሉም»፤ የሒሳብ ሰው።

ስለዚህ እንቁላል እንቀቅላለን፣ አሥር፤
ባውርሳክ እጠብሳለሁ፤ የሹባቱ ጠርሙስ ክዳኑ በጨርቅ ይታሰር
(ባለፈው ባቡር ውስጥ ፈንድቶ አንድ ፖሊስ አጥምቋል፣
ዳሜሊ እስከ ዛሬ ትስቃለች፤ ፖሊሱም ስቋል)።
ግመሏን ኤርሳይን ያልባል። አትወደውም፣ ትተፋበታለች፤
«የባክትጉልን ዜማ አንጎራጉርላት» አልኩት፣ «ትሰጥሃለች።»
ባቡሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በሦስተኛ ማዕረግ፤
የላይኛው አልጋ ብቻ ከቀረ ዳሜሊን ምን ላድርግ?
ደህናው ካፖርት አንድ ነው፤ ስንሄድ እሷ፣ ስንመጣ እኔ ልልበስ፣
አዳራሹ ውስጥ ጭናችን ላይ ይጋደም፣
ማንም እንዳያኮርፍ፣ ማንም እንዳያለቅስ።

ለዳሜሊ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ።

ወደቡ ውሃ ሳለው፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ባክትጉል ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ዘፈነች፤ መረቡ በጉልበቴ።
ቀይ ቀሚስ፣ ባዶ እግር፤ ጫማዋ አንሸራቷት፣
ውሃው ከኋላዋ ጠቁሮ፣ የመርከቧ ፋኖስ ብቻ አብርቷት።
ዘፈኑ ጥያቄ ነበር፤ ሴቲቱ ዳር ቆማ ትጠይቃለች፣
«ትመጣለህ ወይ?» ትላለች፣ አራት ጊዜ፣ ከዚያ ታቆማለች።
መልስ የለውም። እንዲያው ያልቃል።
ሰው ሲያጨበጭብ አጠገቤ የቆመ መርከበኛ፣
ሳፓር የሚሉት፣ «እመጣለሁ» አለኝ በጆሮዬ፣ እንደ ቀልደኛ።
በጸደይ ወደ ባልካሽ ሄደ፣ ዓሣ ወዳለበት፣
ባሕሩም ቀስ እያለ ተከተለ፣ መርከቦቹን ጥሎ አሸዋው ላይ ባሉበት።

አላለቀስኩም። ሌላ አገባሁ፤ ደግ ሰው ነበር ባሌ፤
ዘፈኑ ሲመጣ ብቻ ሬዲዮውን እዘጋለሁ፣
«ባትሪው ደከመ» እያልኩ፣ በአመሌ።
ዳሜሊ ደግሞ ያንኑ ነው የምትሻው፤ ከወንበሯ ተነስታ
ልትጮህላት ነው «እሱን! እሱን!» ብላ፣ እስክትዘፍነው ወትውታ።
ልከልክላት ወይስ ልተዋት? ስገላበጥ አደርኩ፣
ጎህ ሲቀድ «ትጩህ፣ ግዴለም» አልኩ፣ ግመሏን እያለብኩ።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያ ሄድን፣ ቆርቆሮውን በሻርፕ ጠቅልለን፣
ጥፍሯን ሰማያዊ የቀባች ልጅ በመስኮት ጠየቀችን።
«ሁለት ሰው?»
«ሁለት።»
«ወደ ኪዚሎርዳ?»
ዳሜሊ ክርኔን ጨበጠች፣ እንደ ልጅ፣ እንደ እንግዳ።
ልጅቷ ቀና ሳትል፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አቁማ፣
«መልስ አለው ወይ?» አለችኝ።

ከኋላ ሰልፉ አጉረመረመ፤ ዳሜሊ ጎኔን ጎሸመች።
የቀረውን ሳንቲም ሁሉ አፍሼ ገፋሁላት በእጄ፣
«አለው» አልኳት። «አለው። ጨምሪበት፣ ልጄ።»