ስትሬችኖ በደጀን

ቅዳሜ አመሻሽ፣ መብራት ሲሄድብን፣
ከጋራዡ ጓሮ ጠረጴዛ አለን።
ጠረጴዛም ባይሆን የድሮ ቤት በር ነው፣
በሁለት የቢራ ሳጥን ያስተኛነው።
የማዳበሪያ ጆንያ ተጨማዶ ገደል፣
ሰማያዊ ሲባጎ ወንዙን ያክላል፣
የቲማቲም ጣሳ ለሁለት ተሰንጥቆ
የባቡር ዋሻ ነው፣ ጥላሸት ተለቅልቆ።
ስትሬችኖ ይሉታል፣ ስሎቫኮች አገር፣
ጀርመን የመጣበት የተራራ በር።

የሱ ታንኮች ስድስት፣ ሁሉም የክብሪት ቀፎ፤
የኔ ሳሙና ነው፣ በቢላ ተቀርፎ፣
መድፉ እስክሪብቶ ነው፣ ቀለሙ ያለቀ፣
አካሉ በአመድ ታሽቶ የደረቀ።
ዕጣችን ከበሬ ቀንድ በሞረድ የወጣች፣
ባለ ስድስት ፊት ናት፣ ወደ ሦስት ያጋደለች።
ሃምሳ አለቃ አንለይ ሕጉን ደንግጓል፦
«ትንሹ ታንክ ሲመታ ስድስት ይፈልጋል፤
ለትልቁ ሲሆን አራት ይበቃዋል።»
«ይሄማ ግፍ ነው» ስል፣ «ነበረ» ይለኛል።

ማርቲን የምትባል ከተማ ላይ ድሮ
ታንክ መፍታት መግጠም ሁለት ዓመት ተምሮ፣
ሽቴፋን የሚሉት አስተማሪ ነበረው፣
ግራ ጆሮውን መድፍ ያደነቆረው።
አንድ ማታ ሽቴፋን በቢራው አረፋ
ጠረጴዛው ላይ ወንዝ ስሎ፣ ገደል አሰፋ፦
«ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ክረምት ሲቀረው፣
አስራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እዚህ ነው የቆምነው፣
የክብሪት ቀፎ በሚያህል ታንክ። ዞር ብል ወደ ኋላ
ደጀን የለ፣ ከጫካው በቀር ሌላ።»
አንለይ ይሄን ሲያወራ ሁሌም ይስቃል፣
«ከደጀን ነኝ ብለው ምን ይል ነበር?» ይላል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርመን እኔ ነኝ፣
የጂኦግራፊ መምህር፣ ማስመሪያ የያዝኩኝ።
በሳሙናዬ ገደሉን እወርዳለሁ፣
ክብሪቱን አንድ ባንድ ወደ ጎን እገፋለሁ።
እሱ ግን በግሪስ ባደፈ ደብተር ላይ
«ዛሬ አራት ቀን ያዝን» ይጽፋል። የሱ ጉዳይ
ማሸነፍ አይደለም።
                              ያለፈው ቅዳሜ
ዕጣዋ አበደች። ልቤን እስኪያመኝ ታምሜ
አየሁ፤ ስድስት ላይ ስድስት፣ ስድስት ላይ ስድስት፣
ሳሙናዎቼ ተገለበጡ ሦስት።
አንለይ ግን አልሳቀ። ደብተሩን ዘጋና
ወንበሩን አንስቶ በኔ በኩል መጣና፣
«ተነሣ» አለኝ፣ «ዛሬ ትልቁን እኔ ልንዳው፤
ሽቴፋን እኮ እኔን ያስተማረኝ እሱን ነው።
እኔ በትልቁ፣ ሰሜን፣ አንድ ሠፈር ላይ…»
ብሎ ዝም አለ፤ አየሁት፣ እሱ ግን አያይ።

ቦታ ተቀያየርን። በእጄ ላይ ቀለለኝ
የክብሪቱ ታንክ፣ ባዶነቱ ገረመኝ።
አንደኛው ውስጥ ግን ክብሪት አለች፣ አንዲት ብቻ፣
ትንኳኳለች። ሹፌሩ ይሆን? የዚያ ዘመቻ?
ከደጅ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሲኖ
ፍሬኑ አቃሰተ፤ ተንቀጠቀጠ ስትሬችኖ፣
በሩ ተርገፈገፈ፣ ክብሪትና ሳሙና
ተደባለቁ ወንዙ ዳር፣ ባንድ ጎዳና።
ዕጣዋም ተንከባላ ከሳጥኑ ሥር ገባች፤
ስንት እንዳለች እንጃ፣ እዚያው ጨለማ ቀረች።

በስልኬ ባትሪ ጠረጴዛውን አየን፤
በዚያ ብርሃን ሁሉም ግራጫ ሆነብን።
«የትኛው የማን ነው? እንለየው» ስለው፣
ስሙን ብቻ ጠራ። መልሱም ያው ስሙ ነው።