ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ

መስኮት የሌለው ክፍል፣ ካላማ፣ መሀል ከተማ፣
አሥራ ስድስት ስክሪን ግድግዳው ላይ ሲያበራ በጨለማ፤
እኔ ኤዱቪና፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ዓለም ሲያንቀላፋ በደሞዝ የምነቃ።

ጣቢያ ዘጠኝ ሩቅ ነው።
መቶ ሰባ ኪሎሜትር፣ ጨው የለበሰ ሜዳ፣
ዝናብ በአሥር ዓመት አንዴ ብቅ የሚልበት እንደ እንግዳ፤
ውሃ ከጥልቁ ስቦ ወደ መዳቡ ጉድጓድ የሚገፋ
አንድ ሞተር፣ አንድ ታንከር፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት ቀለሙ የጠፋ።

ምስሉ በሦስት ማማ ነው ተሻግሮ የሚመጣልኝ፤
አንዱ ለአንዱ እያቀበለ፣ እንደ ሙሉ ባልዲ፣ ጠብታ ሳይፈስ የሚደርስልኝ።
ያም ሆኖ ይዘገያል። ሁለት ሰከንድ፣ ብዙ አይደለም፤
ግን የማየው ሁሉ ሆኖ ያለቀ ነው፣ የሚሆን ነገር አላይም።

ነሐሴ ላይ ነፋሱ የመሀሉን ማማ ሳህን በጣት ስፋት ገፋው፤
ጣት ምን አላት? ሰማንያ ኪሎሜትር ሲርቅ ግን
ያ የጣት ስፋት ተራራ አክሎ ምስሌን አጠፋው።
ኒቫልዶ ወጣ፣ በገመድ ታስሮ፤ ትንፋሹ በሬዲዮ ይሰማል፤
«ወደ ግራ… ትንሽ… አለፍክ፣ ተመለስ… የፀጉር ያህል… በቃ!
እንዳትነካው!» አልኩት። «እጄ ደርቋል» ይላል።
ገመድ አልባ ይሉታል፤
ኒቫልዶን ግን ገመድ ይዞታል።

ከዓይኔ በፊት ዘብ ነበረ፣ ስሙ ሴሌዶንዮ ኮልኬ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከነፋስ ጋር ሲጣላ ሲታረቅ የኖረ።
አሰናበቱት። የካሜራውን ምሰሶ ጉድጓድ ራሱ ቆፈረ።
አለቃው «የማይተኛ ዘብ አገኘን» አለ፣ «ብርድ የማይለው፣ እራት የማይጠይቅ።»
ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ፣ ሳይሟገት፣ ሳይስቅ።

ቀበሮው ግን አልሰማም የሰውየውን መሰናበቱን፤
ሌሊት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ
ደጁ ላይ ይቀመጣል ጠምዝዞ ጅራቱን።
የዳቦ ቅርፊት ይጠብቃል።
ማሽኑ «እንቅስቃሴ» ብሎ ይጮኻል፤ እኔ «እንስሳ» ብዬ እዘጋለሁ።
ሦስት ወር ሆነን። አንዳንዴ ሲያረፍድ፣ እጨነቃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ካሜራ አሥራ አራት ውስጥ፣ ሰው ገባ።
ቀስ ብሎ፣ እንደ ባለቤት፤
አጥሩ የት እንደሚከፈት እንደሚያውቅ ሌባ።
ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ቀዩ ይጫናል፣ ጥበቃ ይጠራል፣ ውሻ ይለቀቃል።
ጣቴ ቀዩ ላይ ነበረች። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤
ከየት እንደማየው ያውቃል።

ቀና ብሎ አየኝ። ከሁለት ሰከንድ በፊት።

ከዚያ ቧንቧው አሸዋ በሚገባበት ተንበረከከ፤
ጆሮውን ለጠፈ፣ እንደ ሐኪም ከታማሚ ደረት ላይ፤
በመዳፉ መታ መታ አደረገና ጣቱን ቀሰረ። እዚህ። እዚህ።
«አንተ ዓይን ብቻ ነህ» የሚለኝ መሰለኝ፣ «እኔ ልስማልህ፣ አንተ እይ።»
ድምፅ የለውም ምስሉ። ነፋስ ኮቱን ያርገበግባል።
ቁርጥራጭ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፤ መለስ ሲል
ሰው የለም። ቀበሮው ቅርፊት ይበላል።

ቀዩን አልተጫንኩም። ጠጋኞቹን ቀሰቀስኩ።
ንጋት ላይ ቆፈሩ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣
አሸዋ ሥር ስታነባ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ቅጹ «ብልሽቱን ያገኘው፦» ይላል፤
ሁለት ሳጥን ነው ያለው፣ ካሜራ፣ ወይም መለኪያ።
ሰው የሚል የለም። ሰው ብዬ ብጽፍስ? አጥር ጥሶ የገባ ሰው ነው፤
ፍርድ ቤት፣ ቅጣት፣ የጡረታው ማለቂያ።
ካሜራ ላይ ምልክት አደረግሁ።
አለቃው ከሰዓት ጻፈልን፤ «አሥራ አራት ቁጥር ዋጋውን መለሰ።»

ትናንት ወደ ሥራ ስመጣ ዳቦ ገዛሁ፣ ከሚበቃኝ በላይ።
ምን እንደማደርገው አላውቅም፤ ከስክሪኑ ሥር አስቀመጥኩት።
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።
ቀበሮው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ወደ እኔ አየ፤
ወይም፣ አይቶ ነበር።